ኦቦክ፦ በ10 ሺህ ጠገራ የተገዛችው ወደብ ለምን ገበያ አጣች?

ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ በጀልባ ወደ ሰሜን ለሚያቋርጥ ሰው ኦቦክ ብትርቀው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ልሂድ ያለ እንደሆነ ግን ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ፣ ታጁራን አልፎ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። የዚህች አነስተኛ የባሕር ዳር መንደር የኢኮኖሚ ታሪክ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ውስጥ ተጠቃሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ግን ሩቅ ነው።

ኦቦክ ፈረንሳይ በአፍሪካ ቀንድ በገንዘቧ የገዛችው የመጀመሪያው መሬት ናት። ዛሬ ጅቡቲ የምንለው አገር የመጀመሪያዋ ዋና ከተማም ነበረች። ይሁንና ጅቡቲ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፍባት ወደብ ስትሆን፣ ታላቅ እህቷ ኦቦክ ዓሣ አጥማጆችና ስደተኞች የሚታዩባት መንደር ሆና ቀርታለች። ወደብ፣ ኮሪደርና የባሕር በር ከነጋዴው አፍ በማይጠፉበት በአሁኑ ጊዜ፣ «ያቺ ለምን ወደቀች፣ ይህቺ ለምን ተነሣች?» ብሎ መጠየቅ ለገበያ ሰው ጥቅም ሳይኖረው አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመገዛቷ በፊት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በባሕረ ሰላጤው የንግድ ማዕከል የነበረችው ኦቦክ ሳትሆን ታጁራ ናት። ታጁራ የሱልጣን መቀመጫና የሲራራ ነጋዴ መነሻ ነበረች። ከእርሷ የሚነሣው ቅፍለት የአሳል ሐይቅን ጨው ጭኖ ወደ አውሳና ወደ ሸዋ ይዘልቃል። ሲመለስ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ሌላም የደጋ ዕቃ ይዞ ይወርዳል። ባሪያ ሆነው የተሸጡ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ወደ ዓረብ አገር ይሻገሩ እንደነበር የሚታወቅ ነው። በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የካፒቴን ሐሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ አንኮበር የተነሣው ከታጁራ ነበር።

የዚህ ንግድ ዋና ሀብት መርከብ ሳይሆን ግመል ነው። ግመሉ የአፋር ነው፤ የውኃ ጉድጓዱ የአፋር ነው፤ መንገዱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የአፋር ባላባት ነው። ከውጭ የመጣ ነጋዴ የቱንም ያህል ካፒታል ቢይዝ ለግመሉ ኪራይ፣ ለመሪውና ለአጃቢው፣ በየግዛቱ ለሚያልፍባቸው ባላባቶችም ሳይከፍል አንድ ቀን መንገድ አይሄድም። የዘይላው ገዥ አቡበከር ፓሻና ልጆቹ ከሸዋ ጋር በሚደረገው ንግድ ላይ ለረጅም ዓመታት ትልቅ እጅ የነበራቸው ይህን የመንገድ ሥልጣን በመያዛቸው ነው።

በዚያን ጊዜ ኦቦክ ይህ ሁሉ አልነበራትም። የነበራት የመርከብ ማቆሚያ፣ የዓሣ አጥማጆች ሰፈርና በዙሪያዋ የሚንቀሳቀሰው የአርብቶ አደሩ ከብት ብቻ ነበር።

ግዢው

እንግሊዝ በ1839 ኤደንን ስትይዝና በ1857 በባብ ኤል ማንደብ መግቢያ ላይ ባለችው የፔሪም ደሴት ሰንደቅ ዓላማዋን ስትተክል፣ ፈረንሳይ በአካባቢው የምታርፍበት ቦታ አልነበራትም። የስዊዝ ቦይ ቁፋሮ በ1859 ተጀመረ። በዚያው ዓመት በኤደን የፈረንሳይ ቆንስላ ወኪል የነበረው ሄንሪ ላምቤር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ተገደለ። ነገሩን ለማጣራት የመጣው የፈረንሳይ የባሕር ኃይል ከአካባቢው ባላባቶች ጋር መነጋገር ጀመረ። በመጨረሻም በማርች 11 ቀን 1862 ፓሪስ ላይ ውል ተፈረመ። በፈረንሳይ በኩል የፈረሙት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቱቭኔል ሲሆኑ፣ በአፋሮች በኩል የፈረሙት ደግሞ ዲኒ አሕመድ አቡበከር ናቸው። ዋጋው 10 ሺህ የማርያ ትሬዛ ጠገራ ነበር።

እዚህ ላይ «ፈረንሳይ ምን ገዛች?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የገዛችው ንግድ አልነበረም። የገዛችው ወደፊት በስዊዝ በኩል ያልፋል ተብሎ ለታሰበው መርከብ ማረፊያ ነው። ከተገዛ በኋላም ቦታው 20 ዓመት ያህል ያለ ሥራ ተቀምጧል። ይህ ዓይነቱ ግዢ በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ብቻ አልነበረም። የጄኖዋው ሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በወኪሉ በሳፔቶ አማካይነት አሰብ ላይ የመጀመሪያውን ውል በ6 ሺህ ጠገራ የፈረመው በኖቬምበር 15 ቀን 1869 ነው። ቦዩ የተመረቀው ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ፣ በኖቬምበር 17 ነበር። በዘመኑ የባሕር ዳር መሬት የሚገመተው መርከቡ በፊቱ ያልፋል በሚል እንጂ ከበስተኋላው ስላለው አገር ተጠንቶ አልነበረም።

የድንጋይ ከሰል ወደብ

ኦቦክን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት ከእርሷ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ ጦርነት ነው። ፈረንሳይ በቶንኪን ምክንያት ከቻይና ጋር ስትዋጋ፣ እንግሊዝ ገለልተኛ ነኝ በማለት ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች ኤደን ላይ ከሰል መሸጥን ከለከለች። የዚያን ጊዜ መርከብ ያለ ከሰል ማለት የዛሬ መኪና ያለ ነዳጅ ማለት ነው። ፈረንሳይም 10 ሺህ ጠገራ የከፈለችበትን መሬት አስታወሰች። በ1884 ሌዎንስ ላጋርድ አስተዳዳሪ ሆኖ ኦቦክ ገባ። የከሰል ማከማቻ ተቋቋመ፤ የመንግሥት ቤቶች ተሠሩ፤ ከታጁራ ሱልጣን ጋር በዚያው ዓመት፣ ከኢሳዎች ጋር ደግሞ በ1885 ውል ታሰረ። ከ1886 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት እስረኞች የሚላኩባት ቦታም ሆነች። በ1889 የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ሽቦ ከፔሪም ጋር አገናኛት።

ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ዕድገት ነው። በነጋዴ ዓይን ሲመረመር ግን ሌላ መልክ አለው። ከሰሉ ከአውሮፓ ይመጣል፤ የሚገዛው የፈረንሳይ መንግሥት ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለውም ያው መንግሥት ነው። ከኦቦክ በስተኋላ ካለው አገር የሚወጣ፣ በመርከብ ተጭኖ የሚሄድ ዕቃ የለም። አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ሱቅ ደንበኛው ሲሄድ ይዘጋል። ጦርነቱ በ1885 ሲያበቃ የኤደን ክልከላ ምክንያት አልነበረውም፤ የኦቦክም ከሰል የግድ መሆኑ ቀረ።

የጠመንጃው ነጋዴዎች ስሌት

ኦቦክና ታጁራ አንድ እውነተኛ የንግድ ዕድል ነበራቸው፤ እርሱም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የመሣሪያ ፍላጎት ነው። ፖል ሶሌዬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1882 ከኦቦክ ተነሥቶ ሸዋ ደርሷል። በዚያው ዓመት ሌላው ፈረንሳዊ ነጋዴ ፒየር አርኑ ኦቦክ ላይ ተገድሏል። ትርፉ ትልቅ ነው፤ አደጋውም የዚያኑ ያህል ነበር።

ስሌቱን ግልጥ አድርጎ ያስቀመጠልን ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው አርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው አሮጌው ጠመንጃ ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ውስጥ 7 ወይም 8 ፍራንክ ይገዛል፤ ለምኒልክ ደግሞ እስከ 40 ፍራንክ ይሸጣል። አምስት እጥፍ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ከሸሪኩ ከላባቱ ጋር 2,040 ጠመንጃና 60 ሺህ ጥይት አስመጥቶ በ1885 መጨረሻ ታጁራ ገባ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1886 ፈረንሳይና እንግሊዝ በባሕሩ ዳርቻ የመሣሪያ ማስገባትን ለመከልከል በመስማማታቸው ፈቃዱ ተጓተተ። ግመል ለማግኘት ወራት አለፉ። ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የነበረው ሶሌዬም በዚያው ዓመት ሞተ። ራምቦ በኦክቶበር 1886 ብቻውን ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር የደረሰው በፌብሩዋሪ 1887 ነው። አራት ወር የግመል ኪራይ፣ የመሪና የአጃቢ ክፍያ ወጥቶበታል። ዕቃው ሲደርስ ምኒልክ በላባቱ ላይ ዕዳ አለኝ በማለት ዋጋውን አስቀነሱት፤ የላባቱ አበዳሪዎችም በየፊናቸው ተነሡበት። አምስት እጥፍ ይሆናል የተባለው ትርፍ መንገዱ ላይ ቀለጠ።

የዛሬ አስመጪ ይህን ሲያነብ አዲስ ነገር አያገኝም። በግዢና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ትርፍ አይደለም፤ ትርፍ የሚባለው መንገዱ፣ ፈቃዱና ጊዜው ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ነው።

ሐረር ሲያዝ ገበያው ዞረ

በራምቦ ታሪክ ውስጥ አንድ ሌላ ትልቅ ነገር አለ። ሰውየው የገባው በታጁራ በኩል ነው፤ የወጣው ግን በሐረር በኩል ነው። ምኒልክ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ በእጁ አልቆጠሩለትም፤ ሐረር ላይ ከራስ መኰንን እንዲቀበል ማዘዣ ሰጡት። ምክንያቱም በጃንዋሪ 1887 ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር።

ይህ ድል የኦቦክን ዕድል ዘጋ ማለት ይቻላል። እስከዚያ ድረስ የሸዋ የባሕር መንገድ በአውሳ በረሃ ወደ ታጁራ የሚወርደው ነበር። ሐረር ከተያዘች በኋላ ግን የሐረርጌ ቡናና ቆዳ፣ የሸዋም ዕቃ፣ ውኃና ሕዝብ ባለበት ደጋ ተጉዞ ሐረር ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ያለው አጭሩ መንገድ በኢሳዎች ምድር በኩል ከባሕረ ሰላጤው በስተደቡብ ይወርዳል። ዘይላ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። በሰሜኑ ዳርቻ ያለችው ኦቦክ በባሕረ ሰላጤው ተለይታ ቀረች።

ላጋርድ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። በፌብሩዋሪ 1888 ፈረንሳይና እንግሊዝ በዳርቻው ወሰን ላይ እንደተስማሙ ፈረንሳዮች በደቡቡ ዳርቻ ጅቡቲን መሥራት ጀመሩ። ጅቡቲ መርከብ ከነፋስ የሚጠለልበት የተሻለ ማቆሚያ አላት፤ በአምቡሊ በኩል የጉድጓድ ውኃ ይገኛል፤ ከሁሉ በላይ ግን ከኋላዋ የሐረር መንገድ አለ። ቢሮው፣ ባለሥልጣኑና ነጋዴው እየተከታተሉ ተሻገሩ። በ1896 የቅኝ ግዛቱ መጠሪያ «የፈረንሳይ የሶማሌ ጠረፍ» ተብሎ ተለወጠ፤ ኦቦክ የሚለው ስም ከመንግሥት መዝገብ ወጣ። ላጋርድም በበኩሉ ቆይቶ በምኒልክ ቤተ መንግሥት የፈረንሳይ መልእክተኛ ሆኖ «የእንጦጦ መስፍን» የሚል ማዕረግ እስከማግኘት ደርሷል።

በ1894 የተሰጠው የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ነገሩን ደመደመው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ታጁራም ቅፍለቷን አጣች፤ ኦቦክም የሚመለስላት አልነበረም። ከ1892 ጀምሮ «ኦቦክ» የሚል ስም ታትሞባቸው የወጡት ቴምብሮች ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። የዋና ከተማነቷ ዘመን ከተዋቸው ቅርሶች ገበያ ያላቸው እነርሱ ናቸው።

ትርፉ የት ሄደ?

መንግሥት ከሄደ በኋላ ኦቦክ የኖረችው በዓሣ፣ በከብትና ቁጥጥር በላላበት ዳርቻ በሚደረግ ንግድ ነው። ከዚህ ዘመን ሰዎች ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ነው። ኦቦክ ላይ ቤት ሠርቶ፣ ባለሸራ ጀልባ አዘጋጅቶ፣ በቀይ ባሕር ላይ ሉል፣ መሣሪያና ሐሺሽ ያመላልስ ነበር፤ ይህንኑም ራሱ በመጻሕፍቱ ተርኮታል። ለኢኮኖሚ ታሪክ የሚጠቅመን ግን የጀልባው ጀብዱ ሳይሆን ካፒታሉ የሄደበት አቅጣጫ ነው። ሞንፍሬ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያቋቋመው ኦቦክ ላይ አይደለም፤ ሐዲዱ ባለበት ድሬዳዋ ላይ ነው። ባሕሩ ላይ የተገኘ ገንዘብ ገበያ ወዳለበት ወጣ። መንደሯ የጀልባ ማሰሪያ እንጂ የኢንቨስትመንት ቦታ አልሆነችም።

ከነፃነት በኋላም ዕጣዋ እምብዛም አልተሻሻለም። በ1991 በሰሜን ጅቡቲ በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ኦቦክ ክፉኛ ተጎድታለች። በ1994 ከአማፂው ግንባር አንዱ ክንፍ፣ በ2001 ደግሞ ከቀሪው ጋር የሰላም ስምምነት ተፈርሟል።

ዛሬ የሚያልፈው ጭነት ሰው ነው

ኦቦክ በዚህ ዘመን ስሟ የሚነሣው በዕቃ ሳይሆን በሰው ነው። ባብ ኤል ማንደብ ጠባቡ ቦታ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2015 የየመን ጦርነት ሲፋፋም ወደ ኦቦክ ለተሻገሩ የመናውያን የማርካዚ የስደተኞች ካምፕ ተከፍቷል። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመድረስ የሚሹ ወጣቶች ከዚሁ ዳርቻና ከሶማሊያ ጠረፍ ይሳፈራሉ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በ2019 የመን የገቡትን ከ138 ሺህ በላይ ብሎ መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ይህም ንግድ ነው፤ ደላላ፣ የጀልባ ባለቤትና የመተላለፊያ ዋጋ አለው። ሒሳቡን የሚከፍሉት ግን የእኛው ገበሬዎች ናቸው። ለጉዞው በሬ ይሸጣል፤ መሬት በመያዣ ይሰጣል። የመን ሲደርሱ የሚያግቷቸው ወንበዴዎች ደግሞ ቤተሰብ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲልክ ያስገድዳሉ። በጃንዋሪ 2019 ከኦቦክ በስተሰሜን ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኤፕሪል 2024 በዚያው ዳርቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰምጠው እንደገና ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ከሰሉ ሲራገፍ፣ ጠመንጃው ሲያልፍ መንደሯ እንዳልበለጸገች ሁሉ፣ ከዚህም የሚተርፋት ነገር ያልተቆጠረ መቃብር ነው።

ለነጋዴው የሚተርፈው

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ወደብን ወደብ የሚያደርገው ባሕሩ ሳይሆን ከበስተኋላው ያለው መንገድና በመንገዱ የሚመላለሰው ጭነት ነው። ኦቦክ ፈረንሳይ የፈለገችው ሁሉ ነበራት፤ ውል፣ ባንዲራ፣ ከሰልና ቴሌግራፍ ነበራት። ያልነበራት ዕቃውን አምጥቶ የሚያራግፍባት አገር ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን ጎረቤቷን ታጁራን እንመልከት። በ2017 በታጁራ አዲስ ወደብ ተመረቀ፤ ዋናው ተስፋ ከአፋር ዳናኪል የሚወጣው የኢትዮጵያ ፖታሽ ነበር። ነገር ግን ፖታሹን ለማውጣት በዳናኪል ይዞታ የነበረው የእስራኤሉ ኩባንያ አይሲኤል ከወደቡ ምርቃት በፊት፣ በ2016፣ የመሠረተ ልማትና የግብር ችግር አለብኝ ብሎ ሥራውን ማቆሙን አስታውቆ ነበር። ወደቡ ተሠራ፤ ጭነቱ አልመጣም። በኦገስት 2024 የጅቡቲ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የታጁራን ወደብ ኢትዮጵያ እንድታስተዳድረው አገራቸው ሐሳብ ማቅረቧን ገልጸዋል። ሐሳቡ በማናቸውም ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ የሚመዘነው በመርከብ ማቆሚያው ጥልቀት ብቻ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ «በእገሌ ወደብ መጋዘን ልሥራ፣ ቦታ ልያዝ» የሚል ባለሀብት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበጀዋል። አንደኛ፣ ወደቡን ከገበያው ጋር የሚያገናኘው መንገድ የማን ነው፣ በኪሎ ሜትርስ ምን ያስከፍላል? ሁለተኛ፣ ዕቃ ይዞ የገባው መኪና ሲመለስ ምን ጭኖ ይወጣል? ባዶውን የሚመለስ መኪና የአንድ መንገድ ዋጋ በሁለት መንገድ ያስከፍላል። ሦስተኛ፣ ደንበኛው ስንት ነው? በአንድ መንግሥት ውሳኔ፣ በአንድ ማዕድን ወይም በአንድ ጦርነት ላይ የቆመ ወደብ፣ ያ ነገር ሲቀር አብሮ ይቀራል።

አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላሉ። ፈረንሳይ 10 ሺህ ጠገራ ከፍላ፣ 20 ዓመት አስቀምጣ፣ ከተማ ሠርታ፣ በመጨረሻ ባሕሩን ተሻግራ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እርሷ መንግሥት ስለሆነች ኪሳራውን ቻለችው። በባንክ ብድር መጋዘን የሚሠራ ነጋዴ ግን ሁለተኛ ጅቡቲ የሚሠራበት ካፒታል አይኖረውም።